የኃይል ዐቃቢ፤ የብርሃንና የጥበቃው ታሪክ በአጅባር ደጋ

በምዕራብ የዓባይ ሸለቆ፣ በሰሜን የበሽሎ ወንዝ እያዋሰኑት፣ አጅባርንና መካነ ሰላምን አቅፎ በሚዘረጋው የደቡብ ወሎ ደጋ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከመታወቁ ከብዙ ዘመን አስቀድሞ፣ እሳት የአንድ ቤት ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የመንደር የጋራ ሀብት ነበረ። ክብሪት ብርቅ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ የቤቱ እመቤት ማታ ሥራዋን ስትፈጽም የምድጃውን ፍም በዐመድ አዳፍና ታሳድረዋለች፤ ሲነጋም ዐመዱን ገልጣ፣ ጭራሮ ጨምራ፣ እፍ ብላ ታነደዋለች፤ ሌሊት እሳቷ የጠፋባት ጎረቤት ደግሞ ገል ይዛ እሳት ልትጭር ትመጣለች። ነገር ግን ከቤት ወደ ቤት የሚሄደው ፍም በሣር ክዳን መካከል የሚያልፍ፣ የደጋውም ነፋስ የማያርፍ ስለ ሆነ፣ ሰጪዋ ፍሙን በገሉ ላይ ካኖረች በኋላ ዐመድ ነስንሳ ሳታለብሰው ከደጃፏ እንዲወጣ አትወድም። ኃይልን ለብዙ ቤት ለማካፈል የወደደ ሁሉ፣ በአንዱ ቤት የሚደርሰው ጥፋት ወደ ሌላው እንዳይሻገር የሚከለክል ዐቃቢ አብሮ መስጠት እንዳለበት የደጋው ሴቶች ከማናቸውም መሐንዲስ አስቀድመው ያውቁት ነበር።

በዚያው አገር፣ በጥንቱ ቤተ አምሐራ፣ ተድባበ ማርያምን የመሰሉ ጥንታውያን አድባራት ሲኖሩ፣ በመቅደሳቸው የሚበራው ብርሃን ከንብ ሰምና ከጥጥ ፈትል የሚሠራው ጧፍ ነበረ። ዐፄ በእደ ማርያም (1468–1478) ያስፈጸሙት አትሮንሰ ማርያም በ1531 በኢማም አሕመድ ሠራዊት እጅ በእሳት መጥፋቱ፣ እሳት በዚህ ደጋ ላይ ስለ ምን እንደ ተፈራ ለአንባቢ ያስታውሳል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጧፍና የምድጃ እሳት ግን አንድ በጎ ጠባይ አለው፤ ይኸውም መታየቱ ነው። ሲበረታ ያየው ሰው ይሸሸዋል፣ ሲጨስም ይሸተዋል። ኮረንቲ እንዲህ አይደለም፤ በሽቦው ውስጥ ተሰውሮ ይሄዳል፣ ሽቦው ከልኩ በላይ በሞቀ ጊዜም ጢስ እስኪወጣ ድረስ ማንም አይነቃበትም። ሁለቱ ሽቦዎች በመካከላቸው አምፑል ወይም ምጣድ ሳይኖር በቀጥታ የተነካኩ እንደ ሆነ፣ እኛ ሾርት ወይም ኮንታክት የምንለው ነገር ይደርሳል፤ ኮረንቲው የሚገታው ሥራ ስላላገኘ ምንጩ የቻለውን ያህል ይጎርፋል። ከዚህም የተነሣ የምንጩ ብርታት ራሱ የአደጋው ብርታት ይሆናል፤ ደካማ ምንጭ በሾርት ጊዜ ይደክማል እንጂ ቤት አያቃጥልም፣ ብርቱ ምንጭ ግን የመዳብ ሽቦ ያቀልጣል። የጥበቃው ታሪክ በሙሉ የሚመላለሰው በዚህ ነገር ዙሪያ ነው፤ ሰው ምንጩን ባበረታ ቁጥር ዐቃቢውንም እየቀያየረ እንዲያበረታ ተገድዷልና።

በአገራችን የኤሌክትሪክ መብራት መጀመሪያ የታየው በ19ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ፣ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥታቸውን በጄኔሬተር ባስበሩ ጊዜ ነው፤ በ1912 ግድምም በአቃቂ ወንዝ ላይ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ጣቢያ ተተከለ። ከጣልያን ወረራ በኋላ የኤሌክትሪኩ ሥራ እጅ ለእጅ ሲተላለፍ ቆይቶ፣ በ1956 የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1960 ደግሞ 43 ሜጋ ዋት ያህል የሚያመነጨው የቆቃ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። አንድ ጄኔሬተር አንድ ግቢ ሲያበራ የነበረው ነገር በብዙ ከተማ ላይ የተዘረጋ መረብ ሲሆን፣ ብርሃኑ እንደ በዛ ሁሉ በአንድ ቤት ሾርት ላይ ሊወርድ የሚችለው ኃይልም በዛ። የዛሬው መረብ የሚመገበው በሺህ በሚቈጠር ሜጋ ዋት ነው፤ ወሎም ከዚህ መረብ የተያያዘችው በኮምቦልቻ ማከፋፈያ ጣቢያ በኩል ነው።

የዐቃቢው ጥንተ ነገር ከመብራት ይልቅ ከቴሌግራፍ ይጀምራል። ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬጌ በ1847 የቴሌግራፍ ጣቢያዎችን ከመብረቅ ለመጠበቅ ሲያስብ፣ ከዋናው ሽቦ ይልቅ የቀጠነ ሽቦ በመግቢያው ላይ እንዲቀጠል መከረ፤ መብረቅ የወረደ እንደ ሆነ ቀጭኑ ቀልጦ መሣሪያውና ሠራተኛው ይድናሉ። ቶማስ ኤዲሰንም የመብራት ሥርዓቱን ለከተማ ሲያዘጋጅ ይህንኑ ዐሳብ ወስዶ በ1880 የመብራት መስመርን የሚጠብቅ ቀላጭ ሽቦ የፈጠራ መብት አወጣበት። ምሥጢሩ እጅግ ቀላል ነው። ኮረንቲ በሽቦ ሲያልፍ ሽቦውን ያሞቀዋል፤ ኮረንቲው እጥፍ በሆነ ጊዜ ግን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል፣ ሦስት እጥፍ ሲሆንም ዘጠኝ እጥፍ። ስለዚህ በልክ የተመረጠ ቀጭን ሽቦ በደኅና ቀን ምንም ሳይሆን ዘመኑን ይፈጽማል፤ በሾርት ጊዜ ግን ዐይን እስኪጨፈን በማይሞላ ቅጽበት ይቀልጣል። ሰው በመስመሩ ላይ ሆን ብሎ ደካማ ቦታ አበጅቶ፣ ጥፋቱ በዚያ ብቻ እንዲያርፍ ማድረጉ፣ በእኔ ግምት ከኤሌክትሪክ ዘመን ግኝቶች ሁሉ በጣም አስተዋይነት የተመላው ነው።

በከተሞቻችን ከቆጣሪ ሥር ተሰቅሎ የኖረው ነጩ የሸክላ ፊውዝ የዚህ ልጅ ነው። ከመያዣው ሲነቀል ሁለት የናስ ምላሶች ይታያሉ፤ ከምላስ ወደ ምላስም በሸክላው ጎድጓዳ ውስጥ የምታልፍ አንዲት የቀጠነች ሽቦ በብሎን ትያዛለች። ፊውዝ ተቃጠለ ሲባል ያችው ሽቦ ቀልጣ፣ በሸክላው ላይ ጥቁር ጥላሸት ትታ ጠፍታለች ማለት ነው፤ የሚጠግነውም ሰው ዋናውን ዘግቶ፣ ጥላሸቱን ጠርጎ፣ በልኳ አዲስ ሽቦ ያስርላታል። እዚህ ላይ ግን በየሰፈሩ የሚሠራ አንድ ክፉ ልማድ አለ፤ ዝም ብዬ ላልፈው አይቻለኝም። ፊውዙ ደጋግሞ ሲቃጠል ምክንያቱን ከመፈለግ ይልቅ፣ ከአሮጌ ገመድ ወፍራም የመዳብ ክር መዝዞ ማሰር ይቀላል። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይደርሳል። በምጣዱ ላይ የወጥ ምድጃ ሲጨመር ፊውዙ መቃጠሉ ሥራውን በትክክል መፈጸሙ ነው፤ በወፍራም ሽቦ የታሰረው ፊውዝ ግን ከእንግዲህ አይቀልጥም፣ የሚቀልጠው በግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ሽቦ ይሆናል። ያ ቤት ያለ ዐቃቢ የቀረው ሰው ጥበቃውን እንደ ጠላት ስለ ቈጠረው ነው።

ይህን የሰው ጠባይ የተረዱ ይመስላል፣ በጀርመን አገር በማንሃይም ከተማ ሁጎ ሽቶትስና ሃይንሪኽ ሻኽትነር በ1924 የማይቀልጥ ዐቃቢ አበጁ። ዛሬ ብሬከር የምንለው ነው። በውስጡ ሁለት ሠራተኞች አሉ፤ አንዱ ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀ ምላስ ሲሆን፣ ሁለቱ ብረቶች በሙቀት የሚረዝሙት በተለያየ መጠን ስለ ሆነ ጭነት ሲበዛ ቀስ ብሎ ይጎብጥና መያዣውን ይለቃል፤ ሁለተኛው የሽቦ ጥቅል ነው፣ በሾርት ጊዜ ድንገት ማግኔት ሆኖ ያንኑ መያዣ በቅጽበት ይስበዋል። ለዝግተኛው ጥፋት ዝግተኛ፣ ለፈጣኑ ፈጣን ዳኛ ተሾመ ማለት ነው። ጥፋቱ ከታረመ በኋላም ሽቦ መፈለግ የለም፣ በጣት ወደ ላይ መመለስ ይበቃል።

በደጋው ላይ ግን ዐቃቢው ከቤት ውጭም አለ፣ እርሱም ከሁሉ ይልቅ ይታያል። ክረምት በገባ ጊዜ በእነዚህ ተራሮች ላይ መብረቅ ምን ያህል እንደሚበዛ የአገሩ ሰው ያውቃል፤ በ15 ወይም በ33 ሺህ ቮልት ከአምባ ወደ አምባ የሚሻገረው መስመርም የመብረቁ ዋና ዒላማ ነው። መስመሩ ወደ ከተማው ትራንስፎርመር ከመግባቱ በፊት፣ በምሰሶው ራስ ላይ ሦስት ቱቦዎች ዘንበል ብለው ተሰክተው ይታያሉ፤ ሠራተኞቹ ድሮፕ አውት ይሏቸዋል። በእያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ የተወጠረች ፊውዝ አለች፤ ቱቦውን በቦታው አንቃ የያዘችውም እርሷ ናት። በቀለጠች ጊዜ ቱቦው ላይኛውን መያዣ ለቆ ወደ ታች ይዘቀዘቃል፤ ከዚህም የተነሣ ሠራተኛው ገና ከምድር ሆኖ ቀና ብሎ ሲመለከት ከሦስቱ መስመሮች የትኛው እንደ ተቈረጠ ያያል፣ በረጅም ዘንግም ቱቦውን አውርዶ አዲስ ፊውዝ ከቶ ይመልሰዋል። ይህ መሣሪያ ሁለት ነገር ፈጽሟል፤ ቈርጧል፣ መቍረጡንም ተናግሯል። ሁለተኛው ነገር ትንሽ አይምሰል፤ ምልክት የማይተው ዐቃቢ በተራራ አገር ላይ ሠራተኛውን ከምሰሶ ምሰሶ ቀኑን ሙሉ ያዞረዋል።

እስካሁን የተናገርሁት ታሪክ በብዙ አገር በዚሁ ቅደም ተከተል የሄደ ነው፤ አያት የሸክላ ፊውዝ ያስራል፣ አባት ብሬከር ይመልሳል፣ ልጅ በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ውስጥ የተሰወረውን ረቂቅ ዐቃቢ ይወርሳል። ከአጅባርና ከመካነ ሰላም ከተሞች ወጥቶ ወደ ገጠሩ የሄደ ሰው ግን ይህ ተራ ተገልብጦ ያገኘዋል። የኤሌክትሪክ ተደራሽነት መርሐ ግብር በ2005 ተጀምሮ መስመሮች ወደ ብዙ የገጠር ከተሞች ቢደርሱም፣ የደጋው ቤቶች በገደልና በሸለቆ ተለያይተው በየተራራው ተበትነዋል፤ በ2017 የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ መርሐ ግብርም ከሕዝቡ 35 በመቶ የሚሆነው መጀመሪያ ብርሃን የሚያገኘው ከመረቡ ውጭ፣ ይልቁንም በፀሐይ ኃይል እንዲሆን አቅዶ ነበር። በክልላችን በሰሜን ሸዋ የምትገኘው ሬማ ከዚያም አስቀድማ በፀሐይ ብርሃን የታወቀች መንደር ሆና ነበር። በእንዲህ ያለው ቤት ከኩራዝ ቀጥሎ የመጣው በጣራ ላይ የሚተከል የሶላር ሰሌዳ፣ ባትሪ ያለበት ትንሽ ሣጥንና የስልክ መሙያ ቀዳዳ ነው። የሸክላ ፊውዝ በዐይኑ አይቶ የማያውቅ ገበሬ፣ የሰው ልጅ እስከ ዛሬ ካበጃቸው የኃይል ዐቃቢዎች መጨረሻ የተገኘውን በቤቱ አስገብቷል፤ የሚያሳዝነው ግን ዐቃቢው ስለማይታይ ማንም ሳያውቀው መግባቱ ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው የሬዲዮ ድንጋይ ዐቃቢ አላስፈለገውም ነበር። ደረቁ ድንጋይ በጠባዩ ደካማ ምንጭ ነው፤ ሁለቱን ጫፎቹን በሽቦ ቢያገናኙት ይሞቅና ቶሎ ይሞታል፣ ከዚያ አያልፍም። በሶላሩ ሣጥን ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪ ግን መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ምንጭነቱ ብርቱ ነው፤ በሾርት ጊዜ በብዙ አምፔር ያፈሳል፣ ሊነድም ይችላል። ስለዚህ በባትሪውና በስልኩ መካከል ጠባቂ ማቆም ግዴታ ሆነ።

ያን ጠባቂ ለመሥራት ያስቻለው መሣሪያ በ1959 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ የተገኘ ነው፤ ግብጻዊው ሙሐመድ አታላና ኮሪያዊው ዳዎን ካንግ ሞስፌት የተባለውን የትራንዚስተር ዓይነት በዚያ ሠሩ። ሞስፌት በሲሊከን ቅንጣት ላይ የተሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ጣት የሚነካው ነገር የለውም፣ በበሩ ላይ የሚያርፈው ቮልቴጅ ብቻ ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋልም። ከሁሉ በላይ የሚደነቀው፣ ከመክፈትና ከመዝጋት በተጨማሪ በመካከል ሊቆም መቻሉ ነው፤ በሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ሲቀነስ መንገዱ ይጠብባል፣ ኮረንቲውም በዚያው ልክ ይገታል። ፊውዝና ብሬከር ይህን አያውቁም፤ ለእነርሱ ያለው ሙሉ መንገድ ወይም ምንም ነው።

ኮምፒውተርን ከልዩ ልዩ ዕቃ ጋር የሚያገናኘው፣ ኋላም ለስልክ መሙያው ቀዳዳ የዋለው ዩኤስቢ የተባለው ሥርዓት በ1996 በወጣ ጊዜ፣ አንዱ ቀዳዳ ለአንዱ ዕቃ በ5 ቮልት እስከ 500 ሚሊ አምፔር እንዲሰጥ፣ የሚያከፋፍለውም ዕቃ ከልክ ያለፈ ኮረንቲን የሚከለክል ጥበቃ እንዲኖረው ተደነገገ። ለዚህ ከተሠሩት የኃይል ማከፋፈያ ዐቃቢዎች አንዱን፣ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ሥራ የሆነውን ቲፒኤስ 2041ን ለምሳሌ ልውሰድ፤ መጠኑ ከአንድ የባቄላ ፍሬ አይበልጥም። ዕቃው በተሰካ ጊዜ ዐቃቢው መንገዱን በአንድ ጊዜ አይበረግደውም፤ በዕቃው ውስጥ ያሉት ባዶ ካፓሲተሮች ኮረንቲውን በስስት ስለሚቀበሉት፣ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ቀስ በቀስ ይከፍተዋል። ከዚያም በኋላ በውስጡ የሚያልፈውን ኮረንቲ ሳያቋርጥ ይመዝናል። ሾርት በደረሰ ጊዜ በሩን አጥብቦ ኮረንቲውን ከተወሰነለት ልክ እንዳያልፍ አድርጎ ይይዘዋል፤ ግን እንዲህ ይዞ ሲቆም የሚገታው ኃይል በእርሱ በራሱ ሰውነት ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። የሲሊከኑ ሙቀት ወደ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ራሱን ፈጽሞ ይዘጋል፤ ሃያ ዲግሪ ያህል ሲበርድ እንደ ገና ይሞክራል፤ ጥፋቱ ገና ካለ ደግሞ ይዘጋል፣ የተበላሸው ገመድ እስኪነቀል ድረስም እንዲሁ ሲመላለስ ይኖራል። በዚያ ጊዜ ሁሉ ከእግሮቹ በአንዷ ላይ ምልክት አውርዶ፣ ለኮምፒውተሩ አንጎል የትኛው ቀዳዳ እንደ ታመመ ይነግረዋል። በአምባ ላይ የተዘቀዘቀው የድሮፕ አውት ቱቦ የሚናገረውን ነገር ይህ ቅንጣት በአንዲት ቀጭን እግር ይናገረዋል።

ሌላም ያልጠቀስሁት ሥራ አለው። ተራ ሞስፌት የተዘጋ ቢሆን እንኳ ኮረንቲን በተቃራኒ አቅጣጫ የሚያሳልፍ የተፈጥሮ ቀዳዳ በሰውነቱ ውስጥ ይኖረዋል፤ በዚህ ዐቃቢ ግን ያ ቀዳዳ ተደፍኗል፣ ዕቃው ኃይል ወደ ምንጩ መልሶ እንዳይገፋ። ምንጩም ራሱ ደክሞ ቮልቴጁ ከልክ በታች በወረደ ጊዜ ዐቃቢው መንገዱን ይዘጋል፤ በደከመ ኃይል የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ ከጠፋው የባሰ ስለሚሳሳት ነው።

ይህ ሁሉ በተግባር የሚታየው በከተማ ሱቅ መስኮት ላይ ነው። በገበያ ቀን ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣ ሰው እህሉንና በጉን ከሸጠ በኋላ ስልኩን ለባለሱቁ ሰጥቶ ያስሞላል፤ ባለሱቁም ባለ ብዙ ቀዳዳ መሙያ ዘርግቶ፣ ስልኮቹን በየስማቸው ወረቀት ለጥፎ ይደረድራቸዋል። ከገመዶቹ አንዱ በደጋው ብርድ ደርቆ ጫፉ የተሰነጠቀ፣ ሁለቱ ክሮቹ በውስጡ የተነካኩ እንደ ሆነ፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ የራሱ ዐቃቢ ካለው የሚቆመው ያ አንዱ ስልክ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሲሞሉ ይቆያሉ፣ ባለቤቶቻቸውም ነገሩን ሳያውቁ ተቀብለው ይሄዳሉ። ሁሉም ቀዳዳዎች በአንድ ሽቦ ላይ ያለ ጥበቃ ታስረው ከሆነ ግን፣ የ5 ቮልቱ ምንጭ በአንዱ ሾርት ተጎትቶ ይወድቃል፣ የሁሉም ስልክ መሙላት ይቆማል፤ ምንጩ ብርቱ ከሆነ ደግሞ የገመዱ ላስቲክ መቅለጥ ይጀምራል። ቀዳዳዎቹ በውጭ ሲታዩ በሁለቱም መሙያዎች አንድ ዓይነት ናቸው።

በሁለቱ መካከል ያለ አንድ ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ እርሱም በሞቀ ጊዜ የኮረንቲውን መንገድ የሚያጠብና ሲበርድ የሚመለስ የፕላስቲክ ፊውዝ ነው። ርካሽ ነው፣ ራሱንም ይመልሳል፤ ግን እስኪሞቅ ድረስ ጊዜ ይወስድበታል፣ ሲሊከኑ በማይክሮ ሰከንድ የሚፈጽመውን እርሱ በብዙ ሚሊ ሰከንድ፣ አንዳንድ ጊዜም በሰከንድ ይፈጽመዋል፤ የትኛው ቀዳዳ እንደ ታመመም ለማንም አይናገርም። ከምንም ግን እጅግ ይሻላል።

እንግዲህ በደጋው ገጠር የሚሸጡትን የሶላር ሣጥኖችና መሙያዎች የሚገዛ ሰው፣ ዐቃቢውን ሊያይ አይችልም፤ የዕቃው ጌጥና የሳጥኑ ቀለም ስለ ጥበቃው አንዳች አይመሰክሩም። የሸክላ ፊውዝ ዘመን ቢያንስ ይህ በጎነት ነበረው፤ ቤቱ ዐቃቢ እንዳለው ወይም በወፍራም ሽቦ እንደ ታሰረ ማንም ከግድግዳው ነቅሎ ማየት ይችል ነበር። ስለዚህ የዕቃ ጥራት የሚመረምሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ በከተሞቹ ያሉ የቴክኒክና ሙያ አስተማሪዎችም፣ ከብርሃኑ መጠንና ከባትሪው ዕድሜ በተጨማሪ ሣጥኑን ከፍተው የእያንዳንዱን ቀዳዳ ጀርባ ሊመለከቱ ይገባቸዋል። ስምንት እግር ያላት ጥቁር ቅንጣት ወይም ቢጫዋ የፕላስቲክ ፊውዝ በየቀዳዳው ጀርባ ተቀምጣ እንደ ሆነ ያዩአታል፤ ከተቀመጠች፣ አንዱን ቀዳዳ በአጭር ሽቦ ዘግተው ሌሎቹ መብራታቸውን ይዘው መቆየታቸውን በዚያው ጠረጴዛ ላይ ፈትነው ማረጋገጥ፣ ያልቆየውንም፣ ሽቦው ከባትሪው እስከ ቀዳዳው ያለ አንዳች ከልካይ የሄደውንም ዕቃ ከገበያ መመለስ ይችላሉ።